ከፊደል ለቃሚነት ወደ ከንቲባነት፦ የኤድዋርድ ክላርክ ቶሮንቶና የእኛ አዲስ አበባ

ከቶሮንቶ፣ ካናዳ

በቶሮንቶ ከተማ እምብርት፣ ኩዊን እና ቤይ የተባሉት ጎዳናዎች በሚገናኙበት ሥፍራ፣ በጥርብ ድንጋይ የታነጸና ረጅም የሰዓት ማማ የተሸከመ ሕንፃ ቆሟል። የከተማዋ ሰዎች «አሮጌው ማዘጋጃ ቤት» ይሉታል። በስተምዕራቡ አዲሱ ማዘጋጃ ቤት፣ ከፊቱም የናታን ፊሊፕስ አደባባይ ተዘርግቷል። በዚህ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ አገራችን ሰቆቃ ለመጮህ ባንዲራችንን ይዘን በብርድና በበረዶ ከቆምንባቸው አደባባዮች አንዱ ይኸው ነው። ከአሮጌው ሕንፃ ጥግ ተጠግተን ነፋስ ስንከላከል፣ የዚያ ሕንፃ ታሪክ ስለ እኛም የሚናገረው ነገር ይኖራል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን ብዙ አልነበረም።

የሕንፃውን የማዕዘን ድንጋይ እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1891 ያኖረው ኤድዋርድ ፍሬደሪክ ክላርክ የተባለ ከንቲባ ነበር። ክላርክ አየርላንዳዊ ስደተኛ ነው። ኑሮውን የጀመረው በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚነት ሲሆን፣ መብቱን በመጠየቁ በወጣትነቱ ታስሯል። በኋላ የጋዜጣ አዘጋጅ፣ የክፍለ ሀገር ምክር ቤት አባል፣ አራት ጊዜ በተከታታይ የተመረጠ ከንቲባ፣ በመጨረሻም የፌዴራል ፓርላማ አባል ሆኗል። ለጋዜጠኛና ለስደተኛ ከዚህ የበለጠ የሚያጽናና ታሪክ ከየት ይገኛል? ታሪኩ ግን ሌላም ገጽ አለው፤ እኔን ብዕር ያስነሣኝም ያ ሁለተኛው ገጽ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ በታች ስለ ቶሮንቶ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስለ አገራችን የሚጠቀሱት ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከአገር ቤት የመጣ ጠብ

ክላርክ በ1850 በአየርላንድ የካቫን አውራጃ፣ ቤይሊቦሮ በምትባል ከተማ ተወለደ። ይህ ከታላቁ የአየርላንድ ረሃብ ማብቂያ ላይ መሆኑ ነው። የድንች ሰብል በበሽታ በጠፋበት በዚያ ዘመን፣ በ1847 አንድ በጋ ብቻ ከ38 ሺህ የሚበልጡ አየርላንዳውያን በመርከብ ቶሮንቶ ወደብ ላይ ተራግፈዋል። የከተማዋ ሕዝብ በጊዜው 20 ሺህ ገደማ ነበር። ከመጡት መካከል ከ1,100 በላይ የሚሆኑት በተስቦ አልቀው እዚሁ ተቀበሩ። ከሞት የተረፉት ወደ ገጠርና ወደ ሌሎች ከተሞች ተበተኑ፣ አንዳንዶቹም በቶሮንቶ ቀሩ።

እነዚህ በአብዛኛው ካቶሊኮች ነበሩ። ቀድመዋቸው የመጡትና በከተማዋ ሥር የሰደዱት አየርላንዳውያን ግን ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ቂም የተቋጠረው ከአትላንቲክ ማዶ ነው። በ1690 የፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ዊልያም፣ ካቶሊኩን ንጉሥ ጄምስን ቦይን በተባለ ወንዝ ዳር ድል አድርጎ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1795 በአየርላንድ የአርማ አውራጃ የተመሠረተው «ኦሬንጅ» የተሰኘ ማኅበር ያንን ድል በየዓመቱ ሐምሌ 12 ቀን በሰልፍ፣ በከበሮና በባንዲራ ማክበር ጀመረ። ስደተኛው ወደ ካናዳ ሲሻገር ልብሱንና መጽሐፍ ቅዱሱን ብቻ ሳይሆን ከበሮውንም ይዞ መጣ።

በቶሮንቶ ጎዳናዎች ላይ ለአሥርት ዓመታት የፈሰሰው ደም የዚህ ውጤት ነው። በ1858 በቅዱስ ፓትሪክ በዓል ቀን ሰው ተገደለ። በ1875 የካቶሊክ ምእመናን መንፈሳዊ ሰልፍ በድንጋይ ተደበደበ። በ1887 ዊልያም ኦብራየን የተባለው የአየርላንድ ብሔርተኛና የጋዜጣ አዘጋጅ፣ የካናዳ ጠቅላይ ገዥ የነበረው ሎርድ ላንስዳውን በአየርላንድ ባለው ርስቱ ላይ ጢሰኞችን ማፈናቀሉን ሊያጋልጥ ቶሮንቶ ሲመጣ፣ በአደባባይ በድንጋይ ተወግሮ ለጥቂት ተረፈ። እስቲ አስቡት፤ የተፈናቀሉት ገበሬዎች አየርላንዳውያን ናቸው፣ ጉዳዩን ሊናገር የመጣውም አየርላንዳዊ ነው፣ ድንጋይ ከወረወሩበትም መካከል አየርላንዳውያን ነበሩ። ይህ የሆነው ከአየርላንድ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው።

አታሚው እስረኛ

ክላርክ ገና በወጣትነቱ ወደዚህ አህጉር ተሻግሮ በቶሮንቶ የማተሚያ ሥራ ተማረ። የዘመኑ ፊደል ለቃሚ የእርሳስ ፊደላትን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ በቀን አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሠራ ነበር። በመጋቢት 1872 የቶሮንቶ አታሚዎች የሥራ ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ዝቅ እንዲል ጠይቀው አድማ መቱ።

ከፊታቸው የቆመው «ግሎብ» የተባለው ኃያል ጋዜጣ ባለቤት ጆርጅ ብራውን ነበር። ብራውን ተራ ሰው አይደለም። ካናዳን ከመሠረቱት አባቶች አንዱ፣ የለውጥ ፈላጊዎች መሪ፣ የአሜሪካን ባርነት በብርቱ የተዋጋ ሰው ነው። ለራሱ ሠራተኞች ግን ልቡ አልራራም። በሚያዝያ አጋማሽ አሥር ሺህ ያህል ሕዝብ አታሚዎቹን ደግፎ ወደ ኩዊንስ ፓርክ ከተሰለፈ በኋላ፣ የአድማው ኮሚቴ አባላት በማግስቱ ተይዘው ታሰሩ። ክሱ «ሴራ» የሚል ነበር፤ በዘመኑ ሕግ ሠራተኞች ተደራጅተው ደመወዝና የሥራ ሰዓት መጠየቃቸው በራሱ ወንጀል ነበርና። ከታሰሩት መካከል ወጣቱ ኤድዋርድ ክላርክ ይገኝበታል።

የብራውን የፖለቲካ ጠላት የነበረው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ማክዶናልድ አጋጣሚውን አላሳለፈውም። በሁለት ወር ውስጥ፣ በሰኔ 1872፣ የሠራተኛ ማኅበራትን ሕጋዊ የሚያደርግ አዋጅ በፓርላማ አጸደቀ። የማክዶናልድ ዓላማ ከሠራተኛው ፍቅር ይልቅ ጠላቱን ማዋረድና ድምፅ ማግኘት እንደነበር የሚጠራጠር የለም። ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው፤ ያወጣው ሰው ልብ ምንም ይሁን ምን፣ ከዚያ ቀን በኋላ መደራጀት ብቻውን ሰውን ወኅኒ አላወረደም። ክላርክና ብዙ ጓደኞቹ የማክዶናልድ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ደጋፊ መሆናቸውም አያስገርምም።

እድርም፣ ሥራ አስቀጣሪም፣ ፓርቲም

ክላርክ የኦሬንጅ ማኅበር አባል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማኅበሩ ድምፅ የነበረውን «ሴንቲኔል» የተባለ ጋዜጣ ይዞ አዘጋጅና አሳታሚ ሆነ፤ በማኅበሩም ውስጥ ከፍተኛ ሥልጣን ላይ ደረሰ።

ይህን ማኅበር የጥላቻ ማኅበር ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ጥንካሬው ከየት እንደመጣ ሳንረዳ እንቀራለንና። «ሎጅ» የሚባለው የማኅበሩ አጥቢያ በየሠፈሩ ነበር። አባሉ በየወሩ መዋጮ ይከፍላል። ሲታመም ይጠየቃል፣ ሲሞት በክብር ይቀበራል፣ ባልቴቱና ልጆቹ ይረዳሉ። ከአየርላንድ ትናንት የመጣ ምስኪን በመጀመሪያው ሳምንት ሎጁ ደጃፍ ሲደርስ «ወንድማችን» የሚለው ሰው ያገኛል። መንግሥት ለድኻው ምንም በማያደርግበት ዘመን ሎጁ እድር ነበር፤ የማኅበር ጠበል ጸዲቅም ነበር። ለእኛ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ነገር ግን ሎጁ ሌላ ነገርም ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ በእጁ ነው። ፖሊስ፣ እሳት አደጋ ተከላካይ፣ የውሃ ክፍል ሠራተኛ፣ ጸሐፊ ለመሆን የሚመኝ ሰው የሎጅ አባል ቢሆን መንገዱ ይቃናለታል፤ ካቶሊክ ከሆነ ግን በሩ ጠባብ ነው። ይህ በሕግ የተጻፈ አልነበረም። ማንም «ካቶሊክ አይቀጠርም» ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ አላስፈለገውም፤ ቀጣሪውና ተቀጣሪው ማክሰኞ ማታ በአንድ አዳራሽ ከተገናኙ፣ ረቡዕ ጧት በቢሮ የሚነጋገሩት ብዙ አይደለም። ከ1845 እስከ 1900 ቶሮንቶን ከመሩት 23 ከንቲባዎች 20ው የዚህ ማኅበር አባላት ነበሩ። ከተማዋ «የካናዳዋ ቤልፋስት» የተባለችው በከንቱ አይደለም።

«ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂላችን ስለ ግለሰብ ሹም ነው። የቶሮንቶው ግን ከዚህ ይረቅቃል። ሹሙ ራሱ ባይበላ እንኳ ወገኑ ይበላል፤ ወገኑ ስለበላም ሹሙን ደግሞ ይመርጠዋል።

አራት ጥር፣ አራት ምርጫ

ክላርክ በ1886 ለኦንታርዮ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ተመረጠ። በጥር 1888 ደግሞ ለከንቲባነት ተወዳደረ። ዋና ተቀናቃኙ ኤልያስ ሮጀርስ የተባለ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ ነበር። ሮጀርስ መጠጥን የሚቃወም፣ ሃይማኖተኛ፣ በመልካም ስም የታወቀ ሰው ነው። ይሁን እንጂ የከሰል ነጋዴዎች ዋጋ ለማስወደድ በምስጢር ከገቡት ስምምነት ውስጥ እንዳለበት ተነገረበት። በካናዳ ክረምት የከሰል ዋጋ የሕይወት ዋጋ ነው። ሠራተኛው ሕዝብ ፊቱን ወደ ቀድሞው አታሚ መለሰ፤ ክላርክ አሸነፈ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በዚያ ዘመን የቶሮንቶ ከንቲባ የሥራ ዘመን አንድ ዓመት ብቻ ነበር። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ከንቲባውም የምክር ቤት አባላቱም እንደገና በመራጩ ፊት ይቆማሉ። ድምፅ የመስጠት መብት ለሁሉም አልነበረም፤ በንብረትና በኪራይ መጠን የተገደበ ነበር፤ ከሴቶችም ያላገቡና ባሎቻቸው የሞቱባቸው ባለንብረቶች ብቻ ከ1884 ጀምሮ ተፈቅዶላቸዋል። ያም ሆኖ ክላርክ በ1888፣ በ1889፣ በ1890 እና በ1891 አራት ጊዜ ተፈትኖ አራት ጊዜ አልፏል። በተከታታይ ለአራት ዘመን በመመረጥ ቀዳሚ ነው። በ1892 መንበሩን ለተተኪው ለሮበርት ፍሌሚንግ አስረክቦ ወጣ። ጥይት አልተተኮሰም፣ ማንም አልተሰደደም። ከ1896 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ መጋቢት 1905፣ በኦታዋ የፓርላማ አባል ነበር።

የክላርክ አራት ዓመታት ከተማዋ በእጥፍ ያደገችበት ዘመን ናቸው። በ1881 ሕዝቧ 86 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ1891 ከ180 ሺህ በልጧል። መንገድ፣ የፍሳሽ ቦይ፣ ውሃ፣ መብራት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። የማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ሕንፃ ግንባታ በእርሱ ዘመን ተጀምሮ በ1899 ተመርቋል።

ከሁሉ ከባዱ ጥያቄ የትራም ነበር። በ1861 ለአንድ የግል ኩባንያ ለሠላሳ ዓመት የተሰጠው በፈረስ የሚጎተት የትራም መብት በ1891 አበቃ። ከተማዋ ሀብቱን ከ1.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍላ ተረከበች፤ ለጥቂት ወራትም ራሷ አስተዳደረችው። ራሷ ይዛው ልትቀጥል ትችል ነበር። ምክር ቤቱ ግን በዚያው ዓመት ለሌላ የግል ኩባንያ ለተጨማሪ ሠላሳ ዓመት አሳልፎ ሰጠው። አዲሱ ኩባንያ ፈረሱን በኤሌክትሪክ ተካ፤ ይህ ሊካድ አይገባም። በሌላ በኩል ከተማዋ በዳርቻዋ ስትሰፋ ኩባንያው ሐዲዱን አላራዝምም እያለ ሕዝቡን ሲያስመርር ኖረ፤ ጉዳዩ የተቋጨውም በ1921 ከተማዋ የራሷን የትራንስፖርት ድርጅት ስታቋቁም ነው። በ1894 ዳኛ ማክዱጋል የመሩት ምርመራ የምክር ቤት አባላት ከከተማዋ ጋር ውል ከሚፈልጉ ኩባንያዎች ጉቦ ሲቀበሉና ሲጠይቁ እንደነበር አጋለጠ። አንድ ወገን ብቻ በሚያዝበት ቤት፣ በወንድማማቾች መካከል «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ እንደማይበዛ ከዚህ እንማራለን።

ያልተከፈተው በር

አሁን ወደ ሁለተኛው ገጽ እንመለስ። ክላርክ ክፉ ሰው አልነበረም። የሠራተኛውን ኑሮ ያውቃል፤ እስርን ቀምሷል፤ ከስደት ተነሥቶ በሕዝብ ድምፅ ተሹሟል። በመራጩ ዘንድ የተወደደ ነበር። ነገር ግን በ1872 «ተደራጅተሃል» ተብሎ የታሰረው ሰው ሥልጣን ሲይዝ፣ በተወለደበት ሃይማኖት ምክንያት ከሥራ በር የሚመለሰው ካቶሊክ አየርላንዳዊ የእርሱን የትናንት ሥቃይ እንደሚጋራ አላየም። ወይም አይቶ ዝም አለ። ሎጁ ሲመጣ ሎጅ ነበር፤ ሲሄድም ሎጅ ሆኖ ቀረ።

በየዓመቱ የሚደረገው ምርጫ ግን በሩን ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ አድርጎታል። በ1894፣ ክላርክ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዊልያም ፔይተን ሃበርድ የተባለ ጥቁር ሰው ለከተማዋ ምክር ቤት ተመረጠ። ወላጆቹ ከቨርጂኒያ ባርነት አምልጠው የመጡ ናቸው፤ እርሱም ዳቦ ጋጋሪ ነበር። በተከታታይ ለብዙ ዓመታት ተመርጦ፣ ከንቲባው በማይኖርበት ጊዜ ተጠባባቂ ከንቲባ ሆኖ እስከመሥራት ደርሷል። ይህ በኦሬንጅ ቶሮንቶ መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ሃበርድ አንድ ሰው ነው፤ አንድ ሰው በጠባብ በር ስላለፈ በሩ ሰፋ ማለት አይቻልም።

ታዲያ ሎጁ እንዴት ተሸነፈ? ብዙዎች መልሱን ከ1954ቱ ምርጫ ይጀምራሉ። በዚያ ዓመት ተጠባባቂ ከንቲባ የነበረው ሌስሊ ሳንደርስ የማኅበሩ ታማኝ ነበር፤ ለሐምሌ 12 በዓል ያወጣው መግለጫ ብዙ ሰው አስቀየመ። በታኅሣሥ በተደረገው ምርጫ ናታን ፊሊፕስ አሸነፈው። ፊሊፕስ አይሁዳዊ ነው፤ «የሁሉም ሕዝብ ከንቲባ» ተባለ። እኛ የምንሰለፍበት አደባባይ የተሰየመው በእርሱ ስም ነው። ከእርሱ በኋላ ከ1967 እስከ 1972 የመራው ዊልያም ዴኒሰን የመጨረሻው የኦሬንጅ ከንቲባ ሆኖ ተመዝግቧል።

የ1954ቱ ድል ግን ፍሬ እንጂ ሥር አይደለም። ሥሩ ከዚያ በፊት ተተክሏል። በ1940 የሥራ አጥነት መድን ሕግ ወጣ። በ1945 ለልጆች ማሳደጊያ ለየቤተሰቡ መከፈል ጀመረ። በ1951 ኦንታርዮ በሥራ ቅጥር በዘርና በሃይማኖት መለየትን የሚከለክል አዋጅ አወጣች። በ1959 የሆስፒታል መድን ለሕዝቡ ተዘረጋ። በእነዚህ ሁሉ ላይ ከብዙ አገር የመጣ ስደተኛ ከተማዋን ሞላት። ሎጁ ለአባሉ ብቻ ይሰጥ የነበረውን እርዳታ ሕጉ ለዜጋ ሁሉ ሰጠ። ያን ጊዜ የሎጅ ካርድ ትርጉም አጣ። ከበሮው ዝም ያለው የሚመታው ስለተከለከለ ሳይሆን፣ ከኋላው የሚሰለፍበት ምክንያት ስላለቀ ነው።

ከቶሮንቶ ሎጅ ወደ አዲስ አበባ ቀበሌ

አገራችንን የሚያውቅ አንባቢ እስከ አሁን ሳይቸኩል የጠበቀኝ ወዴት እንደማመራ ስለገባው ይመስለኛል።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ የተቋቋመው ቀበሌ፣ በመነሻው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነበር። ቤት ያከራያል፣ መታወቂያ ይሰጣል፣ በሱቁ ስኳርና ዘይት ያከፋፍላል። ብዙም ሳይቆይ በቀይ ሽብር ዘመን ልጆቻችን የሚጠየቁበትና የሚታሰሩበት ቤት ሆነ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ፣ በደርግ እስር ቤት የማቀቁ፣ ወንድም እኅት የተገደለባቸው ሰዎች መንበሩን ያዙ። ብዙዎቻችን ቀበሌ የሚባለው ነገር ከነስሙ ይፈርሳል ብለን ጠበቅን። አልፈረሰም። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ማለት ይኸው ነው፤ ቁልፉ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ በሩ አልተነቀለም።

ከዚያ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. መጣ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ሌሊቱን ተሰልፎ አድሮ ድምፁን ሰጠ። ከከተማዋ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ቅንጅት 137ቱን አሸነፈ። የተከተለውን ሁላችንም እናውቃለን። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተተኮሰው ጥይት 193 ሰላማዊ ዜጎች መገደላቸውን መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋገጠ፤ የኮሚሽኑ መሪዎችም እውነቱን ይዘው ተሰደዱ። የቅንጅት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የሲቪክ ማኅበራት ሰዎች ታሰሩ፤ ነፃ ጋዜጦች ተዘጉ። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ከማዘጋጃ ቤት ይልቅ ቃሊቲ ገቡ። ቶሮንቶ እስረኛዋን ከንቲባ አደረገች፤ አዲስ አበባ ከንቲባዋን እስረኛ አደረገች።

ከተማዋ በባላደራ አስተዳደር ከቆየች በኋላ፣ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን ኢሕአዴግ ወሰደ። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ያው ሕዝብ፣ ያው ቁጥር፣ በተቃራኒው! ይህን ተአምር የሚፈታው በዚያ መካከል የሆነው ነገር ነው። በ1997 ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የገዥው ፓርቲ አባል ቁጥር በ2000 ከአራት ሚሊዮን በልጦ ነበር። ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ አብዮታዊ ዴሞክራሲ ልቡ በራ ብሎ የሚያምን አለ? ሥራ ለማግኘት፣ ለመማር፣ በገጠርም ማዳበሪያና የሴፍቲ ኔት እርዳታ ለማግኘት የአባልነት ካርድ እንደ ቁልፍ ያገለግል እንደነበር ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ባወጣው ሰፊ ዘገባ አጋልጧል። ሎጁ ይህ ነው።

በ2005 ዓ.ም. የተመረጠው የአዲስ አበባ ምክር ቤት ደግሞ የአምስት ዓመት ዘመኑን በ2010 ጨርሶ፣ ምርጫው እየተራዘመ እስከ 2013 ድረስ ቀጠለ። ክላርክ በአራት ዓመት አራት ጊዜ ሕዝብ ፊት ቀርቧል፤ የእኛ ከተማ ሹማምንት በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አልቀረቡም። በመካከሉ ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ስሙን ለውጦ ብልጽግና ሆነ። ስሙ ሲለወጥ ካርዱስ? መልሱን በአገር ቤት ያላችሁ አንባብያን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ለራሳችን የሚነገር

እስከዚህ ድረስ ያልኩትን ከእኛ ወገን የሆነ ሁሉ በደስታ እንደሚያነበው አልጠራጠርም። የሚከተለውን ግን በደስታ ላያነበው ይችላል።

ተበዳይነት የሥልጣን ብቃት ማስረጃ አይደለም። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ፣ ትናንት ከእኛ ጋር በዚህ አደባባይ ብርድ የጠጡ አንዳንድ ወንድሞቻችን አገር ቤት ገብተው ወንበር ይዘዋል። መግባታቸው ነውር አይደለም። ጥያቄው ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ የትኛውን በር ነቀሉ የሚለው ነው። ስለ ራሳችንም መጠየቅ ያለብን ይህንኑ ነው። «እኛ ስንገባ የእኛ ሰዎች ይቀጠራሉ» የሚል ምኞት በልባችን ካለ፣ የምንታገለው ሎጁን ለማፍረስ ሳይሆን የሎጁ አለቃ ለመሆን ነው።

በዚህች ከተማም ቢሆን ከበሮአችንን ይዘን መጥተናል። እድራችን በብሔር ተከፍሏል። ቤተ ክርስቲያናችን በሁለት ሲኖዶስ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ተከፍላ፣ ዕርቅ የወረደው በ2010 ዓ.ም. ነው። ዳንፎርዝ ላይ በአንዱ ምግብ ቤት የሚበላ፣ ከአጠገቡ ባለው ደጃፍ የማያልፍበት ጊዜ አይተናል። ልጆቻችን ይህን ሁሉ እያዩ ያድጋሉ። ኦብራየንን በድንጋይ የወገሩት ወጣቶች መካከል የቦይንን ወንዝ በዓይኑ ያየ ስንቱ ነበር?

ስለዚህ የተቃዋሚው ጎራ ለሕዝብ የሚያቀርበው ቃል «እኛ እንሻላለን» ከሚለው ማለፍ አለበት። መታወቂያ፣ የቀበሌ ቤት፣ ማዳበሪያ፣ የመንግሥት ሥራ ማንም ፓርቲ ሳይጠየቅ ለዜጋ ሁሉ በሕግ የሚሰጥበትን ሥርዓት ከአሁኑ በጽሑፍ ያስቀምጥ። ሁሉም ነገር በቤተ መንግሥት ደጃፍ የሚወሰን ስለሚመስለን የማዘጋጃ ቤቱንና የቀበሌውን ምርጫ እንንቃለን። ድኻው በየቀኑ የሚያንኳኳው ግን የቀበሌውን በር ነው። እዚህ ያለነው ደግሞ በዚህች ከተማ እንኳ ለምክር ቤት ምርጫ ስንቶቻችን ድምፅ እንደምንሰጥ ራሳችንን እንጠይቅ። በየሠፈሩ ምርጫ መሳተፍን በነፃነት አገር ሳንማረው፣ ለአገር ቤት ከየት አምጥተን እናስተምራለን?

ክላርክ ያኖረው ድንጋይ ዛሬም አለ። ሰዓቱም ከማማው ላይ ይደውላል። በሚቀጥለው ጊዜ ለሰልፍ ስንወጣ ቀና ብለን እንየው። ያ ሰው ከእስር ቤት ተነሥቶ እስከ ከንቲባ ወንበር መድረሱን እናድንቅ፤ የመጣበትን በር ለሌላው ክፍት አድርጎ አለመሄዱን ግን አንርሳ።

ቸር ይግጠመን።